ደፉ ላይ የቆምኩባቸው ዓመታት

አዲሱ የሥዕል አዳራሽ በር ጠባቂ የለውም። በሩ መስተዋት ነው፤ ሰው ሲጠጋው ራሱ ይከፈታል አሉ። የውጭው አጥር ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ መፈተሻ ይዞ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ማንንም አያይም። በሽኝቴ ላይ አንዱ የቢሮ ኃላፊ ይህንኑ እየነገረኝ፣ "ማርቆስ፣ አንተን የሚተካ ሰው አልቀጠርንም፤ በቴክኖሎጂ ተክተንሃል" ብሎ ሳቀ። ሰዉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጋቢ አለበሱኝ፣ የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ፣ ንግግር አድርግ አሉኝ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብዬ ተቀመጥኩ። በአፌ ያላልኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነውና አጻጻፌ ቢሻክር ቻሉት።

የሥራ ዘመኔ ያለፈው ጂንካ ላይ፣ አንድ ኮረብታ ጫፍ፣ አንድ ደፍ ላይ ቆሜ ነው። ያለፈውም በፍርሃት ነው። ሥዕል አዳራሽ በር ላይ ምን የሚያስፈራ ነገር አለ ትሉ ይሆናል። ሌባ የለ፣ ጥይት የለ። እኔን የሚያስፈራኝ የሚገባው ሰው ነበር። የማይገባው ሰው ደግሞ የበለጠ ያስፈራኝ ነበር።

የተወለድኩት ገዘር አጠገብ ነው። እናቴ ሸክላ ትሠራ ነበር። አሪ አገር ሸክላ የሚሠራውንና ብረት የሚቀጠቅጠውን ማና ይሉታል። ገበሬው በእናቴ ድስት ወጡን ይሠራል፣ በእናቴ እንስራ ውኃ ይጠጣል፤ እናቴ ግን ከቤቱ አትገባም። ድስቱን ከደጅ ታቀብላለች፣ እህሉን ከደጅ ትቀበላለች፣ ትሄዳለች። ከማና ጋር በአንድ ቅል አይጠጣም። ከማና ጋር እጅ ለእጅ አይነካካም፤ የተነካካም ይታጠባል። ዛሬ ይኼ ቀርቷል ይላሉ። በወንጌል ቀርቷል፣ በሕግ ቀርቷል፣ በስብሰባ ቀርቷል። ይቅር። እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ጂንካ ቢሮ በቢሮ ሆነች። ያን ጊዜ ነው አዳራሹ የተሠራው። እኔ ድንጋይ አቀብል ነበር። ሕንጻው ሲያልቅ ኃላፊው ጋሽ ታፈሰ ሠራተኞቹን ሰብስቦ አመሰገነና ወደ እኔ ዞረ።

"አንተ፣ ስምህ ማነው?"

"ማርቆስ።"

"የዚህን ቤት ድንጋይ አንድ በአንድ ታውቀዋለህ አይደል?"

"አዎ ጌታዬ።"

"ጌታዬ አትበለኝ። ነገ ና፤ በሩን ትጠብቃለህ።"

ጋሽ ታፈሰ የደሴ ሰው ነው። ዕድሜውን የሱቅና የምግብ ቤት ማስታወቂያ ሲጽፍ ኖሮ በባህል ቢሮ የተቀጠረ ሠዓሊ ነው። ቀይ፣ ቀጭን፣ ሳል የማይለየው፣ ከጆሮው ላይ እርሳስ የማይወርድ ሰው። አዳራሹን ዞኑን እየለመነ ያሠራው እሱ ነው። የአገሩን በርጩማ፣ ቅል፣ እንስራ ሰበሰበ፤ ፎቶግራፍ ሰቀለ፤ ራሱም የሰው መልክ ይሥል ነበር። ማና ምን እንደሆነ አያውቅም። ከሰሜን መጥቶ ማን ይነግረዋል? የሚያውቁት ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ያንን ሥራ ካጣሁ የምመለሰው እናቴ ደጅ ነው።

የጋሽ ታፈሰን አመል ልናገር፤ ሙያውን ያስተማረኝ አመሉ ነውና። ጠዋት በሩ ሳይከፈት አዳራሹን ቁጢጥ ብሎ ይዞረዋል። መጀመሪያ ሳየው ጠንቋይ መሰለኝ።

"ምን ጠፋዎት ጋሼ?"

"ምንም። ልጅ ሆኜ እያየሁ ነው።"

ከዚያ ይነሳና አንገቱን ደፍቶ ይዞራል። "ይህቺ ደግሞ እንጨት የተሸከመች ሴት ናት። አንገቷን አታቀናም። ያንን ፎቶ ዝቅ አድርገው።" ክር ላይ ጠጠር አንጠልጥሎ የሥዕሉን ቀጥታ ይለካል። ፀሐይ ቀለሙን እንዳትበላው መስኮቱን በአቡጀዲ ይጋርዳል፤ አቡጀዲውን በወር በወር ራሱ ያጥባል። የመጣን ሰው "ምን ፈለግህ?" ማለት ክልክል ነው። "እሱ የፖሊስ ጥያቄ ነው" ይላል። "መንገዱ እንዴት ነው? ብለህ ጠይቅ። ስለ መንገዱ የማያወራ ሰው የለም፤ እያወራ ይገባልሃል።"

ከሁሉ የበለጠው ግን ወለሉ ነው። የጂንካ ጭቃ ቀይ ነው፤ የረገጠውን ሁሉ ይጽፋል። ጋሽ ታፈሰ ከመዝጊያ ሰዓት በፊት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የእግር ዱካ ያያል። የቱ ሥዕል ፊት ሰው እንደቆመ፣ የቱን ዘሎ እንዳለፈ፣ የት እንደተጨናነቀ። "ሰው በአፉ ጥሩ ነው ይልሃል። እግሩ አይዋሽም። ወለሉን ሳላነብ እንዳትጠርግ።" እኔም ከፊደል በፊት ወለል ማንበብ ተማርኩ። ፊደሉንም ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ከግድግዳው ላይ። ሌላው ሰው ሀ ሁ ብሎ ይጀምራል። እኔ ያነበብኩት የመጀመሪያ ቃል "አይንኩ" ነው።

ወለሉ ግን ምንም አይደብቅም፤ እኔን ያስፈራኝ ይኼ ነበር። በሩ ጠባብ ነው። ለመግባት ልብሴን ታክኮ ማለፍ ግድ ነው። ትኬቱም ከእጄ ነው የሚወሰደው። ፈረንጁ ይገባል። ከሌላ አገር የተመደበው መምህር ይገባል፣ ነርሱ ይገባል። ከገዘር በኩል የሚመጣው ገበሬ ግን ገበያ ውሎ፣ ኮረብታውን ወጥቶ፣ እያወራ እየሳቀ ይመጣና ያየኛል። የማያውቀኝም ካለ የሚያውቀኝ በክርኑ ይጎሽመዋል። ደፉ ድረስ ይመጣሉ፤ ይዞራሉ። ዱካቸው ደፉ ላይ ይቀራል፤ ጣቱ ወደ ውስጥ ደርሶ፣ ከዚያ ዞሮ ወደ ቁልቁል። ጋሽ ታፈሰ ሳያየው እሱን ብቻ በእግሬ አጠፋ ነበር። ሌላውን ወለል እተወዋለሁ፤ ደፉን አጠፋለሁ። በየቀኑ።

አንድ ቀን ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ውስጥ ወንበር ተደርድሮ የዞን ሰዎች ተቀመጡ። ጋሽ ታፈሰ ተነሳ።

"ፈረንጅ ከባሕር ማዶ መጥቶ ያያል። እዚሁ ሥር ያለው ገበሬ የራሱን ነገር ለማየት ለምን አይመጣም? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።"

"የግንዛቤ ችግር ነው" አለ አንዱ።

"ኮረብታው ያደክማል" አለ ሌላው።

"ኮሚዩኒቲው በደንብ ሞቢላይዝ አልተደረገም" አለ ሦስተኛው።

አቶ ዳንኤል የሚባል የቢሮው ምክትል ነበር፤ የገዘር ገበሬ ልጅ ነው። ያውቀኛል። በር ላይ ቆሜ ስሰማ ቀና ብሎ አየኝ። አሁን ሊለው ነው አልኩ። "መልሱ እዚያ በር ላይ ቆሟል" ሊል ነው። አላለም። አንገቱን ደፍቶ፣ "ጥናት ያስፈልገዋል" አለ። ያቺን ቀን ተረፍኩ።

የከዳኝ ወባ ነው። ወባ ጣለኝና ሥራ ቀረሁ። ጋሽ ታፈሰ በሩን ራሱ ይጠብቅ ነበር። ድኜ ስመለስ በጠዋት አዳራሹ መሃል ቆሞ አገኘሁት። ወለሉ በጭቃ ተሸፍኗል። ባዶ እግር አለ፣ የፕላስቲክ ጫማ አለ፣ የልጅ እግር አለ። የቅዳሜ ገበያ እንዳለ ገብቶበታል።

"እንኳን ማረህ" አለኝ። "ና እስቲ፣ አንብብልኝ።"

መጥረጊያዬን አነሳሁ።

"አንተ ስትኖር አይገቡም። አንተ ስትታመም ይገባሉ። ሰው ትመታለህ?"

"አልመታም።"

"ትሳደባለህ?"

"አልሳደብም።"

"ታዲያ ምን ታደርጋቸዋለህ?"

በወባው ላመካኝ ፈለግሁ። ከዚያ መዋሸት ሰለቸኝ። "ምንም አላደርጋቸውም ጋሼ። ማና ነኝ።"

"ማና ምንድነው?"

"እናቴ ሸክላ ትሠራለች።"

"እሺ፣ ከዚያስ?"

"ከዚያማ የለም። ይኼው ነው።"

እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውጥቶ መልሶ ሰካው። ግድግዳው ሥር የተቀመጠውን እንስራ አየ፤ እኔን አየ። ሳሉ መጣበት፤ ሲስል ቆየ።

በማግስቱ አቶ ዳንኤል መጣ። ሁለቱ ሲነጋገሩ ከደጅ ሰማኋቸው። "ጋሽ ታፈሰ፣ ጓሮ ይመደብ። አትክልቱን ይንከባከብ። ክፋት የለኝም፤ ለእሱም ይሻለዋል" አለ አቶ ዳንኤል። እውነቴን ነው፣ እኔም ጓሮ ይሻለኝ ነበር። ጓሮ ማንም አያይህም። ጋሽ ታፈሰ ግን፣ "ይህን ቤት ሰው ላስገባበት ነው የሠራሁት። አንድ ሰው አስወጥቼ መቶ ሰው አላስገባም" አለ። የደግ ሰው ቃል ነው። ደግ ሰው ሲናገር ግን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ያመጣው ሐሳብ ይኼ ነው፤ ሰው ወደ በሩ ካልመጣ በር የሌለው አዳራሽ ወደ ሰው ይሂድ። ሥዕሎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ገመድና ሚስማር ይዘን፣ ገበያ ለገበያ መዞር ጀመርን። ዲመካ መጀመሪያ ሄድን። በሁለት ዛፍ መካከል ገመድ ወጥረን ሰቀልን። የሐመር ሰው ከበበን። አንድ ሽማግሌ በጋሽ ታፈሰ የተሣለ በሬ ፊት በርጩማቸውን አስቀምጠው ቁጭ አሉና ብዙ አዩ። ከዚያ ተናገሩ፤ አስተርጓሚው በሳቅ ፈነዳ።

"ምን አሉ?" አለ ጋሽ ታፈሰ።

"ይኼ በሬ ጌታ የለውም ወይ ይላሉ። ጌታ ያለው በሬ ቀንዱ እንዲህ በየፊናው አይበቅልም።"

ጋሽ ታፈሰ አልተቆጣም። ቀለሙን አውጥቶ ብሩሹን አነሳ። "ይንገሩኝ፤ እንዴት ይሁን?" ሽማግሌው በዘንጋቸው እያመለከቱ አንዱን ቀንድ ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ አሣሉት። ሕዝቡ ሁሉ ሠዓሊ ሆነ። "ሆዱ ይነጣ!" "ጆሮው ላይ ምልክት የታለ!" እየተባለ በሬው ጌታ አገኘ። ቀጥለን የሄድንበት ካንጋተንም እንደዚያው ሆነልን። በዚያ አገር ማንም የማን ልጅ እንደሆንኩ አያውቅም፤ እጄን ይጨብጡኛል፣ ትከሻዬን ይመቱኛል። ሠራተኛ የሆንኩት ያን ጊዜ ነው። ሰው ከሥዕል ጋር ሲነጋገር አየሁ፤ ደስ አለኝ።

ያ ደስታ ነው ጋሽ ታፈሰን ያሳሳተው።

"ቀጥሎ ገዘር" አለኝ።

"ጋሼ፣ ገዘር እኔን ተዉኝ።"

"ቋንቋውን የምትችለው አንተ ነህ።"

"ቋንቋውን ስለምችል ነው ተዉኝ የምለው።"

"ዲመካ አልሆነም? ካንጋተን አልሆነም?"

"እዚያ ሰው ነኝ። ገዘር የእናቴ ልጅ ነኝ።"

አልሰማኝም። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሥዕሉ ተጭኖ፣ እኔ ከመስኮቱ ሥር አጎንብሼ ገዘር ገባን። ገበያው ዳር፣ የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ሰቀልን። ሰዉ መጣ። እኔ ከገመዱ ጫፍ ራቅ ብዬ፣ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ፣ ማንም ሳይጠጋኝ በአሪኛ አስረዳሁ። ሰዉም በርቀቱ ቆሞ ሰማ። አንዲት ሴት ፎቶ ላይ አክስቷን አይታ ጮኸች፤ ሳቅ ሆነ። ጋሽ ታፈሰ ደግሞ ከሰሉን አውጥቶ ጋልታ የሚባሉ ሽማግሌ አስቀምጦ መልካቸውን ነደፈ። ጋልታ ሰፊ እርሻ ያላቸው፣ በአካባቢው የሚሰሙ ሰው ነበሩ። "ጥርሴን እንዳትረሳ፣ ሁሉም አለ!" እያሉ ያስቁ ነበር። ቀኑ ሊያልፍ ነው፣ ተርፌያለሁ፣ አልኩ በልቤ።

ከገበያው ማዶ አንዲት ሴት የቡና ቅጠል አፍልታ በቅል ትሸጣለች። ጋሽ ታፈሰ ቅል ሙሉ ገዛ። ወደ እኔ ሲመጣ አየሁት። ዓይኑ ላይ ያ የዲመካው ደስታ አለ። ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ፣ "ጋሼ፣ አይሆንም" አልኩት። "አንተ ስትናገር ውለሃል፣ ጉሮሮህ ደርቋል፤ ጠጣ" አለና ሰው ሁሉ እያየ ቅሉን አስያዘኝ። እምቢ ብል ሰው ይጠይቃል፣ ብጠጣ ሰው ያያል። ከንፈሬን አስነካሁት። ጋሽ ታፈሰ ቅሉን ከእጄ ተቀብሎ፣ ፈገግ ብሎ፣ በሁለት እጁ ለጋልታ አቀረበላቸው።

ገበያ ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ።

ጋልታ አልተሳደቡም። ቅሉን ተቀበሉ፤ እንግዳ ያቀረበውን አለመቀበል ነውር ነው። ከዚያ ቀስ ብለው ደፉት፤ እስከ መጨረሻው ጠብታ፣ መሬት ላይ። ቅሉን መሬት ላይ ተዉት። በአሪኛ፣ "ሥዕሉን አይተናል። ይበቃናል" አሉ። ተነሥተው እጃቸውን በቅጠል ጠረጉ፤ ሄዱ። ሰዉ ተከተላቸው። እናቶች ልጆቻቸውን ከገመዱ ሥር እየጎተቱ ወሰዱ። የቅሏ ባለቤት ቅሉን በእጇ አላነሳችውም፤ በእንጨት ገፍታ ገደል ከተተችው። እኔ ይመቱኛል ብዬ ነበር የፈራሁት። አልመቱኝም። ቢመቱኝ ይሻል ነበር፤ የተመታ ሰው ቢያንስ ተነክቷል።

የተናገረው ስንመለስ፣ ጂንካ ልንደርስ ስንል ነው።

"አጠፋሁ" አለኝ ጋሽ ታፈሰ።

"አጥፍተዋል።"

"ለምን አስቀድመህ አልነገርከኝም?"

"ነግሬዎታለሁ። እርስዎ ግን ነገሩ ዝቅ አድርገው ሲሰቅሉት የሚስተካከል ሥዕል መሰለዎት።"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሳለ።

ከዚያ ቀን በኋላ በሩ ባሰበት። ቀድሞ ደፉ ድረስ ይመጡ የነበሩት ከኮረብታው ሥር ቀሩ። ሊመጡ የነበሩ የትምህርት ቤት ልጆች ቀሩ። መንገድ ላይ ሰው ሲያየኝ እሰጋ ነበር፤ ቤቴ ላይ ድንጋይ የሚወረወር ይመስለኝ ነበር። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ እንኳ እደነግጥ ነበር። ጋሽ ታፈሰ ግን ያንን የከሰል ንድፍ ይዞ ተቀመጠ። ጋልታን በቀለም ሣላቸው። በሕይወቱ የሠራው ትልቁ ሥራው እሱ ነው፤ የግንባራቸው መስመር፣ የጥርሳቸው ነጭ፣ ሊስቁ ሲሉ ያሉት። ከደፉ ፊት ለፊት፣ እኔ በምቆምበት ልክ ሰቀለው።

"ጋሼ፣ እባክዎ ከዚህ ያንሱልኝ" አልኩት።

"ባለቤቱ ያላየው ሥዕል አላለቀም። አንድ ቀን መጥተው ያያሉ። እስከዚያ አንተ ጠብቀው።"

ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ሲሸኝ ከጆሮው ላይ ያለችውን እርሳስ ሰጠኝ። መሞቱን የሰማሁት ከሞተ ዓመት አልፎት ነው። እኔ ከጋልታ ጋር ቀረሁ። ጠዋት በሩን ስከፍት ያዩኛል፤ ስዘጋ ያዩኛል። ሰው የሚፈራውን ሰው አልፎ አልፎ ነው የሚያገኘው። እኔ ግን የምፈራውን ሰው አቧራ በየሳምንቱ በራሴ እጅ አራግፌያለሁ።

ከእሱ በኋላ ኃላፊ ተፈራረቀ። አንዱ ቀለም ይበላሻል ብሎ አዳራሹን ለቱሪስት ብቻ የሚከፍት ነበር፤ ቁልፉን ኪሱ ይዞ ስብሰባ ይሄዳል፣ ፈረንጅ ደጅ ላይ ፀሐይ ይመታዋል። አንዱ የአዳራሹን ግማሽ መጋዘን አደረገው። ደመወዜ ሁልጊዜ ደመወዝ ነበር፤ ስለ እሱ አልጽፍም።

በኋላ ሰላማዊት መጣች። ወጣት፣ ከአዲስ አበባ የተመደበች፣ ቶሎ የምትራመድ። "ጋሽ ማርቆስ፣ አክሰስ ነው ዋናው ነገር" ትለኝ ነበር፤ ሰው ሁሉ መግባት ይቻለው ማለቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መግቢያው በነጻ ሆነ። ትኬት ቀረ። "አይንኩ" የሚሉትን ወረቀቶች አንሥታ የሚነካ ነገር ለብቻ አስቀመጠች። ከዚያ የአካል ጉዳተኛ ጋሪ አይገባም ብላ በሩን በአንድ ክንድ አሰፋችው። ደፉ ላይም ዘንበል ያለ መውጫ ልትሠራ ነበር፤ በጀት አለቀና ደረጃው ከፍ እንዳለ ቀረ።

በሩ በሰፋ በወሩ የገበያ ሰው መግባት ጀመረ። ወለሉ ቀላ። ሰላማዊት ደስታዋን አልቻለችውም፤ ሪፖርቷ ላይ "በማኅበረሰቡ ዘንድ የታየ የአመለካከት ለውጥ" ብላ ጽፋ አነበበችልኝ።

"ምን ይላሉ ጋሽ ማርቆስ?"

"ጥሩ ነው።"

"ፊትዎ ግን ጥሩ ነው አይልም።"

"ልጄ፣ አመለካከት አልተለወጠም። በር ነው የሰፋው። አሁን ሳይነኩኝ ማለፍ ይችላሉ። ትኬትም ከእጄ አይቀበሉም።"

እርሷ የማናን ነገር ሰምታ ታውቃለች፤ ፊቷ ተለዋወጠ። "ይሰረዝ?" አለች ወረቀቷን ይዛ።

"ለምን ይሰረዛል? ገብተዋል እኮ" አልኳት።

ወለሉንም አሳየኋት። ዱካው በበሩ ወዲያኛው ጫፍ ተጠግቶ ነው የሚገባው፤ በእኔ በኩል ድንጋዩ ንጹሕ ነው። ስታየው ቆየች። እንደ ጋሽ ታፈሰ ልታስተካክለው አልሞከረችም፤ ለዚህ አመሰግናታለሁ። የትምህርት ቤት ልጆች ሲመጡ ግን ይኼ ሥርዓት ፈረሰ። ልጅ የበሩን ዳር አይመርጥም። እየተጋፉ እላዬ ላይ ይወድቃሉ፤ ደረጃው ከፍ ሲልባቸው እጄን ይይዛሉ። እኔ እጄን እሰበስብ ነበር። ወላጅ ቢያይስ? ማታ ልጁን ቢያጥበውስ? ነገ ባይልከውስ? ቀስ በቀስ ግን መሰብሰቡን ተውኩት፤ ልጆቹ ብዙ ነበሩ፣ እኔ ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለኝ።

አሁን ወደ መጨረሻው ሳምንቴ ልምጣ።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አዳራሹን ስትጎበኝ ከጋልታ ሥዕል ፊት ቆማ ቀረች። ስልኳን አውጥታ አነሳችው። ወደ እኔ ዞራ፣ "ጋሼ፣ እኚህ አያቴ ናቸው" አለችኝ።

"በሕይወት አሉ?" አልኩ።

"አሉ! ጉልበታቸው ነው እንጂ። ዓይናቸውም ትንሽ ደክሟል። አመጣቸዋለሁ።"

አታምጪ ማለት አልችልም። ሥራዬ ሰው ማስገባት ነው። ሸምግዬ፣ ጡረታዬ ደርሶ፣ ልጆቼ ትዳር ይዘው፣ እንደዚያች የስብሰባ ቀን እፈራ ነበር። ጓሮ ልደበቅ አሰብኩ። ከደፉ ወርጄ ራቅ ብዬ ብቆም ሰውየው በሰላም ይገባሉ፣ ሥዕሉም ያልቃል አልኩ። ደግሞ የጋሽ ታፈሰ ቃል ትዝ አለኝ፤ አንድ ሰው አስወጥቼ አላስገባም ያለው። ከተደበቅሁ የማስወጣው ሰው ራሴን መሆኑ ነው።

ቅዳሜ ባጃጅ መጣ። ልጅቱ ቀድማ ወረደች፤ አያቷን ደግፋ አወረደች። ቁመታቸው አጥሯል፤ ግንባራቸው ያው ነው። በትራቸውን እየተከሉ መጡ። እኔ ደፉ ላይ ነኝ፤ አልወረድኩም። ደፋር ሆኜ አይደለም፣ እግሬ እምቢ ብሎኝ ነው። ደረጃው ሥር ሲደርሱ የልጅቱ ስልክ ጮኸ። "አንዴ አባባ" ብላ ክንዳቸውን ለቀቀች።

ጋልታ ደረጃውን በበትራቸው ነኩት። ከፍ ያለ ነው። አንድ እግራቸውን አነሱ፤ ተንገዳገዱ፤ መለሱ። ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ስለ መንገዱ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩ፤ እሳቸው ቀደሙኝ።

"በሩ ላይ ያለኸው ማነህ?" አሉ በአሪኛ።

"ጠባቂው ነኝ አባቴ።"

"ያው የድሮው?"

"ያው የድሮው።"

ልጅቱ ጀርባዋን ሰጥታ ታወራለች። ጋልታ አንዴ ወደ እሷ ዞር አሉ፣ አንዴ ወደ ደረጃው አዩ።

"አውቅሃለሁ" አሉ። "የማን ልጅ እንደሆንክም አውቃለሁ። ደረጃችሁ ግን ከፍ ያለ ነው። እጅህን ስጠኝ።"

ሰጠኋቸው። ያዙኝ፤ አጥብቀው። መዳፋቸው ደረቅ፣ እንደ ቅርፊት ሻካራ ነው። ወጡ። ሰዎች ይህን ስነግራቸው፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጊዜ ሁሉን ይፈታል" ይሉኛል። እኔ እንደዚያ አልልም። ያየሁትን ነው የምለው፤ ሽማግሌው ከእኔ ይልቅ መውደቅን ፈሩ።

ሥዕሉ ፊት አደረስኳቸው። እጄን ሳይለቁ፣ አፍንጫቸውን ሸራው ላይ ሊያሳርፉ ምንም እስኪቀር ተጠግተው አዩ። ልጅቱ ደርሳ በሌላ ጎናቸው ቆመች።

"ይኼ ጥርስ ሁሉ የኔ ነበር?" አሉ።

"የእርስዎ ነበር አባባ" አለች ልጅቱ እየሳቀች።

"እንዳትረሳ ብዬው ነበር። አልረሳም።" ወደ እኔ ዞረውም፣ "ያ ቀዩ ሰውዬ የት አለ?" አሉኝ።

"ሞቷል አባቴ።"

"ቅጠሉን ደፋሁበት" አሉ። ይቅርታ አላሉም። ጥሩ ነበር ወይ መጥፎ ነበር አላሉም። ደፋሁበት ብቻ አሉ፤ ገበያ ውሎ እንደሚተርክ ሰው። እኔም አልጠየቅኋቸውም። የልጅ ልጃቸው "ምን ደፉበት?" ስትል አልመለሱላትም፤ "እንውጣ፣ ደከመኝ" አሏት።

ሲወርዱም እጃቸውን ዘረጉ፣ ያዝኳቸው፣ አወረድኳቸው። መሬት ሲረግጡ ለቀቁኝ። ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ባጃጁ አቀኑ። መንገዱ ዳር ቁጥቋጦ አለ፤ ቅጠሉ ሞልቷል። ያቺ ቀኝ እጃቸው ከጎናቸው ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች፣ ከቅጠሉ ጎን።

ዓይኔ ገና ጥሩ ነው። ባጃጁ ጋ እስኪደርሱ ያቺ እጅ እንደ ገዘሩ ቀን ቅጠል ትቀጥፍ እንደሆነ ማየት እችል ነበር። የሥራ ዘመኔን ሙሉ የሰው እግርና የሰው እጅ ሳነብ ኖሬ ይህቺን አንዲቷን ማንበብ ፈራሁ። ፊቴን ወደ ውስጥ መለስኩ። ግድግዳው ላይ ጋልታ፣ ጥርሳቸው ሁሉ እያለ፣ ሊስቁ ሲሉ፣ ያዩኝ ነበር።